የማይንቀጠቀጥ እጅ

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ብርሃኑ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን አሁን እንዴት አደረገዎት? እኔ በጤናዬ በኩል ለአምላክ ምስጋና ይድረሰው፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ሸሪፋ ናት፤ ቦሌ ሚካኤል የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ለዕቃ ናይሮቢ የምትመላለሰው። እናቴን ታውቃታለች። መልስዎን ለእሷ ይስጡልኝ፤ ከፖስታ ቤት ትፈጥናለች።

እማዬ ነሐሴ ላይ ከወደቀች ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሲያደርጉላት ትጮኻለች፣ ግፊቷም ይነሳል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ከልክሏል አሉኝ። እርስዎ የአክስቷ ልጅ ነዎት፤ እሷን ደጅ ረግጦ የሚጠይቅልኝ ሌላ ዘመድ የለኝም። ከገርጂ የካ አባዶ ድረስ በየሳምንቱ እየሄዱ እንደሚያዩዋት ጎረቤቷ ትብለጽ ነግራኛለች። ውለታዎን እግዜር ይክፈልልኝ። ደብዳቤዬንም ያንብቡላት።

ስለ ራሴ ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት በነበረው የጎልፍ ውድድር ወደቅሁ። በረጅሙ ምት ከማንም አላንስም። ኳሷ ከጉድጓዷ አንድ ክንድ ስትቀር ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው። ሕፃን የማይስተውን እስታለሁ። ኬንያዊው አሠልጣኜ «ችግሩ ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» ይለኛል፤ መድኃኒቱን ግን አያውቀውም። ግንቦት ላይ ማጣሪያ አለ። ወደ ፕሮፌሽናሎቹ ለመግባት የተከፈተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ካገኘሁት ጎልፍ እንጀራዬ ይሆናል። ካጣሁት ክለቡ ያሰናብተኛል፤ ተመልሼ ለሀብታም ዱላ ተሸካሚ ነኝ።

እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ትራምፔት ነፍተዋል። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ አይቼዎታለሁ። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ብሎ ብቻዎን ሲነፉ ከንፈርዎም እጅዎም አልተንቀጠቀጠም። እንዴት ነው እሱ? ቢያስተምሩኝ።

ልጅዎ ጋዲሳ መገርሳ

*

ገርጂ፣ ኅዳር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋዲሳ መገርሳ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ወገቤን ተወው።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። የሰማች አይመስለኝም። ሌላው ሰው እንደሚያባብልህ አላባብልህም። ቀኝ ጎኗ ሞቷል። አፏ ወደ ግራ ተጣሟል። የምትበላው በማንኪያ ነው፤ ግማሹ አንገቷ ላይ ይቀራል። ውኃ ሦስተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ትብለጽ በጀሪካን እየተሸከመች ነው የምታጥባት። አባትህ ሽምብራ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ በተሠራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተኝታ ጣራ ታያለች።

የቀራት አንድ ቃል ነው። «ኮቱ» ትላለች። ለእኔም ኮቱ፣ ለትብለጽም ኮቱ፣ ለግድግዳውም ኮቱ። በኦሮምኛ «ና» ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙን ጠየቅሁት። አንዳንዱ በሽተኛ ስድብ ይቀረዋል፣ አንዳንዱ የአንድ ሰው ስም፤ ለእሷ ይኸ ቀረላት፣ ትርጉም የለውም አለኝ። አንተም ትርጉም አትስጠው።

ወደ ጉዳይህ። ጎልፍ አላውቅም። በቴሌቪዥን እንዳየሁት የጠገቡ ሰዎች ሣር ላይ ሲንሸራሸሩ ነው። መንቀጥቀጥን ግን አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ዜማ የሚጠናው ከመጨረሻው ነው። መሪያችን ሻምበል ግርማይ የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ ያስጠናን ነበር። እሷ ከገባችህ በኋላ ከእሷ በፊት ያለችውን ትጨምራለህ፤ እንዲህ እያልክ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። መድረክ ላይ ስትወጣ ከማታውቀው ተነስተህ ወደምታውቀው ትገባለህ። አንተ አጭሩ ምት ላይ የምትደርሰው ደክመህና ፈርተህ ነው። ገልብጠው። ከጉድጓዷ አፍ ጀምር። አንድ ስንዝር። ሲሰለችህ ሁለት ስንዝር። ረጅሙን ዱላ እስከ ገና እንዳትነካው።

ሁለተኛ፣ በቀስታ። እንቅልፍ እስኪያመጣብህ በቀስታ። በቀስታ የማይችል በፍጥነት የቻለ የሚመስለው ለራሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሰድብህ ፈልግ። አዲስ ሰው ሲመጣ ሻምበሉ ብቻውን ያቆመውና እኛን «ጀምሩ» ይለናል። እሱ ይነፋል፣ እኛ እንሰድባለን፤ ጥርሱን፣ አገሩን፣ እናቱን። ድምፁ ከተሰበረ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዱ ልጅ ሱሪው ላይ ሸናና በማግስቱ ወጥ ቤት ተመደበ። ጡረታም የወጣው ከዚያው ነው። እኔ ነፋሁ።

ማስተማሩን አስተምርሃለሁ። ግማሽ ተማሪ ግን አልፈልግም።

ብርሃኑ

*

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ብርሃኑ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ረጅሙን ዱላ ቆልፌ ቁልፉን ለአሠልጣኙ ሰጠሁት። «አበድክ?» አለኝ። «ትራምፔት እየተማርኩ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በርቀት ነው ሰላም የሚለኝ።

ለስድቡ ዱላ የሚሸከሙልንን ልጆች ጠየቅኋቸው። በነጻ እንሠራለን አሉ። አንዱ ከሲታ በተለይ ተሰጥኦ አለው። «አንተ የሐበሻ ቀጭኔ፣ ጉድጓዷ ሚስትህ አይደለችም፣ ምን ያስለማምጥሃል!» ይለኛል። ሌላው «ተውት፣ በአገሩ ሩጫ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ኳሷ ቆማ ስትጠብቀው ግራ ገባው» ይላል። መጀመሪያ እየሳቅሁ ሳትኩ። ቀጥሎ እየተናደድኩ ሳትኩ። አሁን አልስትም። ከሲታው ስለ እናቴ የጀመረ ዕለት ብቻ እጄ እንደ ድሮው ሆነ። እንደታዘዝኩት ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ክለቡ ለገና ወይም ለጥምቀት ፈቃድ ይሰጠኛል። በረራው ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ብመለስ ምን ይመስልዎታል? ቃሏ ትርጉም እንደሌለው ገብቶኛል። ግን ከጻፉልኝ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ አለ።

ጋዲሳ

*

ገርጂ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋዲሳ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? አትምጣ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ግራ እጇ ገና ጉልበት አለው። የያዘችውን አትለቅም። እኔን ስትይዘኝ ትብለጽ መጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የምታላቅቅልኝ። መጥተህ እጅህን ብትሰጣት ያንን ጭብጥ ይዘህ ትመለሳለህ። ከዚያ በኋላ ዱላ በያዝክ ቁጥር የምትይዘው እሷን ነው። እስከ ግንቦት አይለቅህም።

ደግሞም አታውቅህም። ባለፈው እሑድ እኔ አባትህን መስዬአት ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ለማን ብለህ ትመጣለህ? ላንተ ብለህ ነው። ለራስህ ስትል የምትመጣ ከሆነ ከማጣሪያው በኋላ ናና ደስ እንዳለህ ሁን።

ሌላም አለ። እኛ ሰፈር ቡና ቤት ለሚመላለስ የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛ ነገርኩት። «ትራምፔት ነፊ ጎልፍ ያሠለጥናል?» ብሎ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። የድሮ ጓደኞቼም አብረው ሳቁ። ግንቦት እንተያይ አልኳቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ያንተ ብቻ አይደለም።

ትምህርት። ትራምፔት ነፊ ከሚነፋበት ጊዜ ዝም የሚልበት ይበልጣል። ሌላው ሲጫወት አንተ ዕረፍትህን ትቆጥራለህ። ጀማሪ ዕረፍት ላይ ያስባል፤ ያሰበ ደግሞ ሲገባ ይሳሳታል። ከምት ወደ ምት ስትሄድ ሣሩን ቁጠር፣ እርምጃህን ቁጠር፣ የፈለግከውን ቁጠር። ሰው አታስብ። ከሳትክም ፊትህን አትቀይር። የተሳሳተ ድምፅ ያወጣ ሙዚቀኛ ፊቱን ካልቀየረ ሕዝቡ «ሲጻፍም እንዲያ ነው የተጻፈው» ይላል።

ብርሃኑ

*

ናይሮቢ፣ የካቲት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ብርሃኑ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። እንዳሉኝ አልመጣሁም። ጥምቀት ዕለት ሜዳ ላይ ዋልኩ።

ሁለት ውድድሮች አደረግሁ። በአንዱ ሦስተኛ፣ በሌላው ሁለተኛ ወጣሁ። አንዴ ኳሷ ውኃ ገባችብኝ። ፊቴን አልቀየርኩም። አብሮኝ የሚጫወተው ሰውዬ ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሎት «ምን አስበህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሠልጣኙ የእርስዎን አድራሻ ፈለገ፤ ሙዚቀኛ መሆንዎን ብነግረውም አላመነም።

አንድ ክንድ ላይ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ትንሽ ነገር አለች። ከአሥር አንዴ። በማጣሪያው ያቺ አንዷ ትበቃለች ለመውደቅ።

እማዬ እንዴት ናት? ትብለጽ በስልክ «ደህና ናት» ትለኛለች፤ ሸሪፋም «ደህና ናት» ትለኛለች። እኔ የማምነው የእርስዎን ነው። ክፉውን የሚነግሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጋዲሳ

*

ገርጂ፣ መጋቢት 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለጋዲሳ፤

እግዚአብሔር በቸርነቱ ይጠብቅህ። ደብዳቤዬ ስለዘገየብህ ይቅርታ አድርግልኝ። መገናኛ ለባቡሩ እየተቆፈረ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ ነው።

እናትህ ደህና ናት። በጣም ደህና ናት። ሕመሙም ቀለል ብሏታል። ፊቷ እንደ ድሮው ወዝ አውጥቷል። ደብዳቤህን ሳነብላት ፈገግ አለች። «ልጄ ያሰበው ይሳካለት፣ በሄደበት ሁሉ ሞገስ ይስጠው» ብላ መርቃሃለች። ስለ እሷ ምንም አታስብ።

ትብለጽ ስልኳ ተበላሽቶባታል፣ አትድከም። ከእንግዲህ አዲስ ነገር አታጥና። ያለህን ብቻ ጠብቅ። በደንብ ብላ፣ በደንብ ተኛ።

ያንተው ጋሼ ብርሃኑ

*

ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ብርሃኑ፤

ደብዳቤዎን ሸሪፋ ሰጥታኛለች። ስለ ምርቃቱ አመሰግናለሁ።

ትንሣኤ እሑድ ነው። እንዴት እንዳሳለፈች በዝርዝር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ምን ለበሰች? ፀጉሯን ማን አበጠረላት? ምን ቀመሰች? እርስዎ ሲገቡ ምን አለችዎ? ምንም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ለማጣሪያው ብርታት ይሆነኛል።

እጄ ደህና ነው።

ጋዲሳ

*

ገርጂ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሳ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

በጠየቅከኝ መሠረት፤ ባለጥበቡን ቀሚሷን ለበሰች፣ አንተ የገዛህላትን። ፀጉሯን ትብለጽ አበጠረችላት፣ ቅቤም ቀባቻት። ከዶሮው ቀመሰች፤ አንድ እንቁላል ጨረሰች። ትራስ ደግፈን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናት፤ ታች ሕፃናት ሲጫወቱ ስታይ ቆየች። እኔ ስገባ «እንኳን አደረሰህ» አለችኝ። ስላንተ ጠየቀችኝ፤ ግንቦት ጨርሶ ይመጣል አልኳት። «አይቸኩል» አለች።

አሁን ስለ ዕለቱ። መድረክ ላይ ስትወጣ ከኋላህ ምንም ነገር የለም። የለም ብለህ አታስብ፤ የለም። ኳሷን ከመምታትህ በፊት ድምፅዋን ስማ፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትወድቅ የምታሰማውን። ሰምተኸው ስታበቃ ምታ። ትራምፔት ነፊም ድምፁን የሚሰማው ከመንፋቱ በፊት ነው።

ጋዜጠኛው ሰሞኑን በራሱ መጥቶ ጠየቀኝ። አልሳቀም።

ጋሼ ብርሃኑ

*

ናይሮቢ፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ብርሃኑ፤

ቦታውን አገኘሁት። በመጨረሻው ጉድጓድ አንድ ክንድ ቀርታኝ ነበር። ገባች።

አሁን መምጣት እችላለሁ? ግንቦት 30 እሑድ ደግሞ በትብለጽ ባል ስልክ ደውዬ እማዬን በድምፅ ሰላም ልላት አስቤአለሁ። «እንኳን አደረሰህ» እስከ ማለት ከደረሰች እኔንም ታናግረኛለች።

ጋዲሳ

*

ገርጂ፣ ግንቦት 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሳ መገርሳ፤

እሑድ አትደውል። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ አጠገብህም ሰው ይኑር።

ለሩቅ ሰው መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ነው። አንተ ካለህበት የምልከው ሽማግሌ የለኝም። እናትህ ወይዘሮ ሎሚ መጋቢት 16 ቀን አርፋለች። ያለ ብዙ ሥቃይ ነው ያረፈችው። እዚያው የካ አባዶ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። እድሩ በሚገባ አስቀበረ። አርባዋም ወጥቷል።

የደበቅሁህ ስለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በኦርኬስትራው ደንብ መርዶ በር ላይ ይቆማል፤ ትርኢት ሳያልቅ አይገባም። አባቴ የሞተ ጊዜ ሻምበል ግርማይ ጠዋት ሰምቶ ለእኔ የነገረኝ ማታ ነው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና በጆሮዬ ነገረኝ። ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩት። ዛሬም ቢሆን እስመው ነበር።

ሰኔ 5 ቀን ሰማንያዋ ነው። ድንኳን ይተከላል። ላንተ ተብሎ የቀረ ልቅሶ አለ፤ ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው። ጋዜጠኛውም ልቅሶ ሊደርስ ይመጣል፤ በዚያው ሁለታችንን አንድ ላይ ሊያነጋግረን ይፈልጋል።

እግዚአብሔር ነፍሷን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ብርሃኑ

*

ናይሮቢ፣ ግንቦት 29 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአቶ ብርሃኑ፤

መርዶዎ ደርሶኛል። ያወቅሁት ግን መጋቢት 28 ቀን ነው።

የነገረችኝ ሸሪፋ ናት። ያንን የምርቃት ደብዳቤዎን ልቀበል ወደምታርፍበት ሱቅ ሄድኩ። ጨርቁን አስቀምጣ ተነሳችና አቀፈችኝ። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ ወንድሜ፣ ለቀብሩ አልደረስኩም፣ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ» አለች። «የማን ቀብር?» አልኳት። ደብዳቤውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ይሄ መርዶው መስሎኝ ነበር» አለች። እርስዎ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ስለነበሩ ከሴቶቹ መሀል እሷን አላዩዋትም። ሙስሊም ናት፣ ነጋዴ ናት፣ የካ አባዶ ምን ልታደርግ ትሄዳለች ብለው ይሆናል። እናቴ ከእሷ ጨርቅ ስትገዛ አሥር ዓመቷ ነው።

ደብዳቤዎን እዚያው ሱቅ ውስጥ ከፍቼ አነበብኩት። ፊቷ ወዝ አውጥቷል ይላል።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ማወቅ የሚፈልጉ ይመስለኛል፤ ትምህርቱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎትና። ሜዳ ሄድኩ። አንድ ክንድ ላይ ኳስ አስቀመጥኩ። ገባች። ሌላ አስቀመጥኩ። ገባች። ከሲታው መጥቶ «ስድብ እንጀምር?» አለኝ። «እናቴን ስደብ» አልኩት። «ያመሃል እንዴ ዛሬ?» አለና ሰደበ። ገባች። እስኪጨልም አንድ አልሳትኩም። እጄን አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

ለካ የምንቀጠቀጠው እሷ ስላለች ነበር። ብወድቅ የምታፍርብኝ፣ ባልፍ የምትሰማልኝ ሰው ስላለች። ስለዚህ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም። እሷ ሞተች፣ እጄ ጸና። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ስለ ፋሲካ የጠየቅሁዎ እስከ የት እንደሚነፉ ለማየት ነው። ቀሚስ አለበሷት፣ እንቁላል አስጨረሷት፣ «አይቸኩል» አስባሏት። ፊትዎን አልቀየሩም። ጥሩ ሙዚቀኛ ነዎት። አንድ ቦታ ብቻ ነው የሳቱት፤ እሷ በሕይወት እያለች አንድም ቀን ደግ ቃል ጽፈውልኝ አያውቁም ነበር።

አልመጣም። ድንኳኑን ለሌላ ሰው ይትከሉት። ሐምሌ 9 ቀን እዚሁ ናይሮቢ የመጀመሪያ ውድድሬ አለብኝ። ቤቱ ለትብለጽ ይሁን፤ ለቀበሌው ጽፌአለሁ። ጋዜጠኛው ቁጥሬን ከእርስዎ ተቀብሎ ደውሎልኛል። ሰኔ 6 ቀን በስልክ ያነጋግረኛል። ያዳምጡ።

ጋዲሳ መገርሳ

*

ገርጂ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋዲሳ መገርሳ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

አዳመጥኩ። በሕይወት የቀሩትን ጓደኞቼን ሁሉ ቡና ቤቱ ጠርቼአቸው ነበር። ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። «አሠልጣኝህ ማነው? እዚህ አንድ አባት አሉ ይባላል» አለህ። «ማንም የለም» አልክ። ደግሞ ጠየቀህ። «ማንም» አልክ። ከዚያ አንዱ «ጋሽ ማንም፣ አንድ ቢራ ልጋብዝዎት?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ አስተናጋጇ ሳትቀር «ጋሽ ማንም» ነው የምትለኝ። ፊቴን አልቀየርኩም።

ስለ እናትህ ሞት የጻፍኩልህ የመርዶ ወግ ነው። መርዶ ላይ «ያለ ሥቃይ አረፈች» ይባላል። አሁን የሆነውን ልንገርህ። ክፉውን የሚነግሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት ብለኸኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ትብለጽ ጠራችኝ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሰኞ ሐኪሙ አይቷት ደረጃው ላይ «ልጅ ካላት ቢጠራ ጥሩ ነው» አለኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አእምሮዋ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ይሆናል አለ ሐኪሙ። አፏ እንደ ተጣመመ፣ ግን በግልጽ፣ «ጋዲሳ የት ነው?» አለች። ትብለጽ እልል አለች። እኔ «መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ፊቷን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች፤ አዞርናት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ምግብ ስንሰጣት ጥርሷን ትገጥማለች። ሕንጻው ላይ ሰው ደረጃ በወጣ ቁጥር፣ አንደኛ ፎቅም የሚቀር ቢሆን፣ አንገቷን ከትራሱ ታነሳለች። ሲያልፍ ትመልሳለች። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነች። ሌሊቱንም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የላይኛው ፎቅ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየሮጡ ወጡ። አንገቷን አነሳች። አልመለሰችውም፤ ትብለጽ ናት የመለሰችላት። ዓይኗን ለመክደን ብዙ ታገለች። አልከደን ስላለ በሻሽ አሰረችው።

በእነዚያ ቀናት ሁሉ ከናይሮቢ አውሮፕላን ነበረ።

«እሷ ሞተች፣ እጄ ጸና» ብለሃል። እስቲ አሁን እንይ። ሸሪፋ ነገ ትነሳለች። ይህን ደብዳቤ ሐምሌ 8 ቀን በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ። ያለፈውን ጊዜ ስላልረሳችው «ምንድነው ውስጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምርቃት ነው፣ ሳይጫወት ይድረሰው አልኳት። ደስ ብሏት ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

እግዚአብሔር እጅህን ያጽናልህ።

ብርሃኑ